ከንቅሳት እስከ ሲሊኮን፦ ጡት ስለማስተከል ታሪክ የሚነግረን

ባለፈው ዓመት የቁጠባና ብድር ኮሚቴያችን ፊት ያልተለመደ ማመልከቻ ቀረበ። አመልካቿ እናት ናት። ልጇ ዐረብ አገር ሠርታ ያጠራቀመችው ገንዘብ ስላልበቃት የጎደለውን እናቷ ከማኅበሩ ተበድራ እንድትሞላላት ጠይቃታለች። የብድሩ ምክንያት በሚሞላበት ቦታ ላይ «ለሕክምና» የሚል ተጽፏል። የምን ሕክምና ተብሎ ሲጠየቅ ጡት ለማስተከል መሆኑ ታወቀ። በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት እናታችን «ጡት ይተከላል እንዴ ልጆቼ? ባሕር ዛፍ አደረጋችሁት እኮ!» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

ሳቁ ሲያበቃ ጥያቄው ግን እዚያው ቀረ። ከመካከላችን «ይህ ነገር ምንድን ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው? ምን ጉዳት አለው?» ለሚለው በእርግጠኝነት የሚመልስ አልተገኘም። ልጃገረዶቻችን ግን በስልካቸው ማስታወቂያውን በየቀኑ ያያሉ። ስለዚህ በጤና ሙያ ላይ ያሉ አባሎቻችንን ጠይቀን፣ የሚነበበውንም አንብበን ይህን ጽፈናል። ዓመቶቹ፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለውበት ሲባል ሰውነትን መውጋት ለዋግ አዲስ አይደለም። እናቶቻችን አንገታቸው ላይ የተደረደረው ንቅሳት፣ ግንባራቸው ላይ ያለው መስቀል፣ የጠቆረው ድዳቸው ሁሉ በመርፌ ወይም በእሾህ ተወግቶ ጥላሸት የገባበት ነው። ልጅቷ ተይዛ ትነቀስ ነበር፤ ቁስሉ አመርቅዞ ሳምንታት የቆየባቸውም አሉ። አንዱ መርፌ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲዞር ምን ይዞ እንደሚዞር ያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄዶ የጉበት ቫይረስንና ኤች አይ ቪን መጠየቅ ይቻላል። ያኔ ውበት የነበረው ንቅሳት አሁን ከተማ ለሚገቡ ልጆቻችን መሸማቀቂያ ሆኖ፣ ለማስጠፋት ገንዘብ ሲከፍሉ እናያለን። ይህን የምናነሳው እናቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። የዛሬው ታሪክም የሚጀምረው ንቅሳቷን ልታስጠፋ ከሄደች አንዲት ሴት ስለሆነ ነው።

ሴትዮዋ ቲሚ ጂን ሊንድሲ ትባላለች። የአሜሪካ ቴክሳስ ሰው ናት፤ የስድስት ልጆች እናት፣ ከባሏ የተፋታች፣ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ። በ1962 ሂውስተን ከተማ ወደሚገኘው ጀፈርሰን ዴቪስ ሆስፒታል የሄደችው ደረቷ ላይ የነበረውን ንቅሳት ለማስጠፋት ነበር። ሐኪሞቹ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጄሮው ግን ሌላ ሐሳብ አቀረቡላት፤ አዲስ የሠሩትን ሰው ሠራሽ ጡት እንድትሞክርላቸው ጠየቋት። እሷ ከጡቷ ይልቅ ጎልቶ የወጣው ጆሮዋ ነበር የሚያሳስባት። «ጆሮሽንም እናስተካክልልሻለን» አሏትና ተስማማች። ከእሷ በፊት የተሞከረው በአንዲት ውሻ ላይ ብቻ ነበር። ሐሳቡ የመጣላቸውም ጄሮው በፕላስቲክ ከረጢት የተሞላ ደም በእጁ ጨብጦ ልስላሴው ጡትን ስላስታወሰው ነው ይባላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንዲት ድሃ እናት ለአንድ ነገር ሄዳ ለሌላ ነገር ፈቃደኛ ሆነች። የታዘዘላት መድኃኒት አልነበረም፤ ያመማትም ነገር አልነበረም። ነገሩ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲቆይ ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊነግራት አይችልም ነበር፤ ሐኪሞቹ ራሳቸው አያውቁትምና።

በእርግጥ ጡትን የመሙላት ሙከራ ከእሷ በፊትም ነበር። በ1895 ቪንሰንስ ቼርኒ የተባለ የጀርመን ሐኪም እባጭ ከጡቷ ላወጣላት ሴት ከገዛ ሰውነቷ የስብ እብጠት ወስዶ ቦታውን ሞላላት። ይህ የራስ ሥጋ ስለሆነ ብዙም የሚያስፈራ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ያስፈራል። ቀልጦ በመርፌ የሚሰጥ ፓራፊን፣ ሻማ የሚሠራበት ሰም ማለት ነው፣ በሴቶች ጡት ውስጥ ይገባ ጀመር። ሰሙ ከቦታው እየሸሸ ተጓጎለ፣ ቆዳ እየበሳ ወጣ፣ ጡቱን እንዳለ ማስቆረጥ ግድ የሆነባቸውም ነበሩ። ቀጥሎ ስፖንጅ ተሞከረ፤ ሰውነት ውስጥ ሲቆይ እየተኮማተረ ደነደነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ጃፓን ውስጥ ፈሳሽ ሲሊኮን በቀጥታ በመርፌ መስጠት ተጀመረ፤ ወደ አሜሪካም ተሻገረ። ፈሳሹ በከረጢት ስላልተያዘ እንደ ውሃ መንገዱን ይፈልጋል። ከሥጋ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። በደም ሥር ገብቶ ሳንባ ከደረሰ ይገድላል። ይህ አሮጌ ታሪክ እንዳይመስለን፤ ዛሬም በየአገሩ ፈቃድ በሌላቸው ቤቶች ውስጥ በርካሽ የሚወጋው ይኸው ነው፤ ከሁሉም የከፋው መንገድም እሱ ነው።

የክሮኒንና የጄሮው ፈጠራ ከዚህ ሁሉ የተሻለ ነበር። ረጋ ያለው ሲሊኮን በሲሊኮን ከረጢት ተይዟል። ዳው ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያ ያመርተው ጀመር፤ ሌሎችም ተከተሉ። አሜሪካ የሕክምና ዕቃዎችን ደኅንነት የሚቆጣጠር ሕግ ያወጣችው በ1976 ነው። ይህ ማለት የጡት ተከላው ለብዙ ዓመታት ያለ ቁጥጥር ተሽጧል። ሕጉ ሲወጣም አስቀድመው ገበያ ላይ የነበሩት መሸጣቸውን ቀጠሉ።

በዚያ ዘመን የነበረ አንድ ነገር ሲነገር ሰምተን ተገርመናል። በ1975 የዳው ኮርኒንግ የሽያጭ ሠራተኞች ለሐኪም የሚያሳዩት ናሙና ሲነካካ ላዩ በቅባት ይወዛ ነበር። ኩባንያው በውስጥ ደብዳቤ ያዘዛቸው፣ ሐኪሙ ዘንድ ከመግባታቸው በፊት ናሙናውን በሳሙና አጥበው እንዲያደርቁት ነው። ገበያ የምትወጣ ሴት ሁሉ ይህን ታውቀዋለች። ቅቤው ሲወዛ ላዩን ጠርገው የሚያቀርቡ ነጋዴዎች አሉ። ይህ ግን ቅቤ አልነበረም፤ የሚወዛው ነገር ሴት ውስጥ ገብቶ ዕድሜ ሙሉ የሚቀመጥ ነው።

ሴቶቹ ፍርድ ቤት ሲሄዱ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ወጡ። በ1991 መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዳኞች ለአንዲት ከሳሽ 7.3 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈላት ወሰኑ። በሚቀጥለው ወር፣ ጥር 1992፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ በአጭሩ ኤፍ ዲ ኤ፣ የሲሊኮኑን ተከላ አስቆመ። ከዚያ ወዲህ በካንሰር ጡታቸውን ላጡና ለመሰል ችግሮች ካልሆነ በቀር ለዓመታት አልተፈቀደም። ዳው ኮርኒንግ በክሱ ብዛት በ1995 መክሰሩን አሳወቀ፤ ቆይቶም 3.2 ቢሊዮን ዶላር ለካሳ ተስማማ።

ለእውነት ስንል ሌላውንም ወገን እንናገር። በ1999 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ገለልተኛ ባለሙያዎች የተደረጉትን ጥናቶች ሁሉ መርምረው፣ ሲሊኮን ሴቶቹ የከሰሱበትን የመላ ሰውነት በሽታ እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘንም አሉ። ያገኙት ችግር እዚያው ጡት ላይ ያለው ነው፤ መቀደድ፣ መደንደን፣ ማመርቀዝ፣ ደጋግሞ መቀደድ። እሱ ግን ብዙ ነበር። ከዚህ በኋላ በ2006 ሲሊኮኑ ለውበትም እንደገና ተፈቀደ፤ ለውበት ከሆነ ዕድሜዋ 22 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነች ብቻ።

አሁን ችግሮቹን በየተራ እንያቸው፤ ማመልከቻው ፊታችን ላይ ሲቀርብ ልናውቅ የፈለግነውም ይህን ነበር። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ዙሪያውን በጠባሳ ያጥረዋል። ይህ ለሁሉም የሚሆን ነው። በአንዳንዶች ግን ጠባሳው እየጠበቀ ይሄድና ከረጢቱን ጨምቆ ጡቱን ያደነድነዋል፣ ያጣምመዋል፣ ያሳምማል። መፍትሔው ሌላ ቀዶ ጥገና ነው። ከረጢቱ ሊቀደድም ይችላል። በጨው ውሃ የተሞላው ዓይነት ሲቀደድ ይሟሽሻል፣ ወዲያው ይታወቃል፤ ውሃውንም ሰውነት ይመጠዋል። ሲሊኮኑ ግን ተቀድዶ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ኤፍ ዲ ኤ ምንም የማያማት ሴት እንኳ ከተተከለላት ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤም አር አይ እንድትታይ ይመክራል። ኤም አር አይ ለመነሳት ከዋግ ወጥቶ ስንት ቀን መንገድ መሄድ፣ ስንት ብር መክፈል እንደሚያስፈልግ ለሰቆጣ ሰው መንገር አያሻም።

ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃም አይደለም። ኤፍ ዲ ኤ በ2011 ባወጣው ዘገባ፣ ለውበት ካስተከሉት ሴቶች ከአምስቷ አንዷ፣ ከካንሰር በኋላ ካስተከሉት ደግሞ ከሁለቷ አንዷ በ10 ዓመት ውስጥ ታስወጣለች። በ25 ዓመቷ ያስተከለች ልጅ እስክታረጅ ድረስ ስንት ጊዜ ቢላዋ ሥር እንደምትተኛ አስሉት። ለዚህ ነው ኮሚቴያችን ብድሩን በአንድ ቀዶ ጥገና ዋጋ ማየት አይቻልም ያለው። የመጀመሪያው ዋጋ በማስታወቂያው ላይ ተጽፏል፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው ግን አልተጻፈም።

በ2011 ከዚህ የከበደ ነገር ተሰማ። በተተከለው ዙሪያ ባለው ጠባሳ ውስጥ የሚነሳ አንድ የሊምፎማ ዓይነት እንዳለ ኤፍ ዲ ኤ አስጠነቀቀ። ካንሰር ነው፤ ነገር ግን የጡት ካንሰር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ሻካራ ሆኖ ከተሠራው ከረጢት ጋር የሚያያዝ ነው። ከተከላው ዓመታት በኋላ ጡቱ ውሃ ቋጥሮ ድንገት ያብጣል። በሐምሌ 2019 አለርጋን የተባለው ኩባንያ ሻካራ ምርቱን ከዓለም ገበያ ሰብስቦ እንዲያወጣ ሲጠየቅ የታወቁት ታማሚዎች 573፣ ከእነሱም የሞቱት 33 ነበሩ። ካስተከሉት ሚሊዮኖች ሲታይ ጥቂት ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበትም ከረጢቱንና ጠባሳውን በማውጣት ብዙዎች ይድናሉ። ግን ያበጠውን ማን ያየዋል? ሐኪሟ በሌላ አገር ያለባት ሴት እብጠቱን «ብርድ ነው» ብላ ልትተወው ትችላለች።

ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የሐሳብ መደናገር መጣብን የሚሉ ሴቶችም ቁጥራቸው ብዙ ነው። ሳይንሱ ምክንያቱን እስካሁን አልቆረጠበትም፤ ሲወጣላቸው የተሻላቸው አሉ። ከ2021 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ይህ ሁሉ በጥቁር ሣጥን ማስጠንቀቂያ ታትሞ፣ ሐኪሙም ከሴትየዋ ጋር ነጥብ በነጥብ አንብቦ እንዲያስፈርም ታዟል። የኛ ልጆች በሚሄዱባቸው ቦታዎች ወረቀቱ በሚያውቁት ቋንቋ ይሰጣቸው ይሆን?

ስለ ፈረንሳዩ ፒ አይ ፒ ሳንናገር አናልፍም። ዣን ክሎድ ማስ የተባለ ሰው በ1991 ላ ሴን ሱር ሜር በምትባል ከተማ ፋብሪካ ከፈተ። ለሕክምና በተፈቀደው ሲሊኮን ፈንታ ዋጋው ያነሰውን የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ይሞላ ነበር። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይደበቃል፣ ሲሄድ ይወጣል። የጀርመን መርማሪ ድርጅትም የጥራት ምስክር ሰጥቶታል። በመጋቢት 2010 ሲደረስበት በ65 አገሮች ወደ 300,000 የሚጠጉ ሴቶች ውስጥ ገብቷል። ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ይቀደድ ነበር፤ የእንግሊዝ ባለሙያዎች እጥፍ ያህል ብለውታል። ማስ በታኅሣሥ 2013 አራት ዓመት እስር ተፈረደበት። እጅግ የሚያሳዝነው ግን ብዙዎቹ ሴቶች የተተከለላቸው የማን ምርት እንደሆነ አለማወቃቸው ነው፤ ዜናው ሲወጣ ወረቀት ፍለጋ ሮጡ።

ከእኛ መካከል ቤይሩት ሠርተው የተመለሱ እህቶች አሉ። እዚያ በ2007 አንድ ባንክ ለውበት ቀዶ ጥገና ብቻ የሚሆን ብድር ማስታወቁን ብዙዎች ያስታውሱታል። እመቤቲቱ ከሆስፒታል ስትመለስ ቁስሏን ያጠቡት፣ ሌሊት ስታቃስት ውሃ ያቀረቡት፣ በደም የራሰውን ፋሻ የጣሉት እነዚህ እህቶች ናቸው። ማስታወቂያው የማያሳየውን እነሱ አይተውታል። ልጃገረዶቻችን ከስልክ በፊት እነሱን ቢጠይቁ ደስ ይለናል።

የኛ ከተማ ስም ከእናት ጡት ጋር በአገር ደረጃ የተያያዘ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። በየቀበሌው የምንማረውም አንድ ነው፤ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ምንም። ያስተከለች ሴት ብዙውን ጊዜ ማጥባት ትችላለች፤ ነገር ግን ቀዶ ጥገናው በጡት ጫፍ ዙሪያ ከሆነ የወተት መንገድና ነርቭ ሊጎዳ፣ ወተቱ ሊያንስ፣ የጫፉ ስሜት ሊጠፋ ይችላል። ገና ላልወለደች ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዱቄት ወተት በገበያ ዋጋ እየገዛን ልጅ የምናሳድግ ሰዎች አይደለንምና።

እስካሁን ያልነው ለውበት ስለሚያስተከሉት ነው። በካንሰር ጡቷን ያጣች ሴት ጉዳይ የተለየ ነው፤ እንደዚያችኛዋ ልንመለከታትም አይገባም። አንዳንዶቻችን ይህን ሁሉ ስናነብ «ፕላስቲክ ሰርጀሪ ማለት ፕላስቲክ መክተት ነው» ብለን እናስብ ነበር። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መቅረጽ ነው። በአገራችን ሙያው የሚታወቀው የተቃጠለን፣ የተሰነጠቀ ከንፈርን፣ በሥጋ ደዌ የተኮማተረን እጅ በመጠገን ነው፤ በ1965 የተመሠረተው አለርትና የካቲት 12 ሆስፒታል በዚህ ሥራ ስማቸው ይነሳል። ጡትን ከራሷ ከሴትየዋ ሆድ ወይም ጀርባ በተወሰደ ሥጋ መልሶ መሥራትም ከዚሁ ሙያ ነው።

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች የጡት ካንሰር ቀዳሚው ነው። አብዛኞቻችን ሐኪም ዘንድ የምንደርሰው ደግሞ ዘግይቶ ነው፤ ጠበል፣ ቅጠል፣ የመኸር ሥራ፣ የትራንስፖርት ብር ሁሉም ጊዜ ይወስዳል። ከተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ወደ ሌላ ከተማ ሪፈር የተጻፈላት እህት በመንገድ መዘጋት ቤቷ የቀረችበትን ጊዜ እናስታውሳለን። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ጡቷ ተቆርጦ በሕይወት የተመለሰች ሴት መጀመሪያ የምታስበው ስለ መትረፏ ነው። ቆይታ ግን ነጠላዋን በአንድ በኩል እየሰበሰበች ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ለቅሶ ቤት ስትቀመጥ የሚሰማትን እሷ ታውቀዋለች። ጡት ያስተከለች እንደሆነ የኋለኛው ምርመራ ሊከብድ እንደሚችልም ማወቅ አለባት፤ ከረጢቱ በራጅ ላይ ሥጋውን ስለሚጋርድ የሚያነሳው ባለሙያ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ጨረር የወሰደ ደረት ላይ ደግሞ መደንደንና ማመርቀዝ ይበዛል።

ማመልከቻው በኮሚቴው አልተጣለም። ለልጅቷ በእናቷ በኩል ጥያቄዎች ተጽፈው ተላኩላት፦ የምትተከዪው የማን ምርት ነው፣ ለስላሳ ነው ሻካራ? የሚቀድሽ ሐኪም ፈቃድ አለው? ቢያመረቅዝ የት ትተኛለሽ፣ ማን ይከፍላል፣ ከሥራስ ስንት ቀን ትቀሪያለሽ? ከአምስት ዓመት በኋላ የት ትታያለሽ? የማኅበሩ ገንዘብ የሁላችን የጥጥና የማር ሽያጭ ስለሆነ ይህን መጠየቅ መብታችን ነው ብለን እናምናለን፤ ስለ ገላዋ የምትወስነው ግን እሷ ናት። እስከዚህ እትም ድረስ መልሷን አልላከችም።

ቀድማ ያስተከለች እህት ካለች ከሆስፒታሉ የተሰጣትን ካርድ እንዳትጥል። በላዩ የአምራቹ ስም፣ ዓይነቱና ቁጥሩ ይኖራል። ካልተሰጣት ስልክ ደውላ ታስልክ። ድንገት ካበጠ፣ ቅርጹ ከተለወጠ፣ ብብት ሥር እባጭ ከተዳሰሰ ካርዱን ይዛ ሐኪም ትይ።

ጡታቸው ለተቆረጠ እህቶች ደግሞ የስፌት ክፍላችን ከጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ የጨርቅ ጡት መሥራት ጀምሯል። ውስጡ የተፈተለ ጥጥ ሆኖ፣ ክብደት እንዲኖረው ትንሽ የታጠበ እህል በከረጢት ይገባበታል፤ ሲቆሽሽ እህሉ ወጥቶ ጨርቁ ይታጠባል። ሐኪም ቁስሉ ደርቋል እስኪል ድረስ አይደረግም። ልክ የሚወሰደው ሐሙስ ከሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል፤ ከልኬተኛዋ በቀር ሌላ ሰው አይገባም። ዋጋ የለውም፤ የጥጡን ወጪ ደጋፊዎቻችን ሸፍነውታል።